ስድስት ሜትር ላይ ክንድሽ ለምን ይዝላል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ዛፍ ላይ የሚበቅሉ ኦርኪዶችን ለማጥናት ጅማ ዞን ባለው በለጠ ጌራ ደን ውስጥ ከቅርንጫፍ በታሰረ ገመድ ትወጫለሽ። በእጅ ይዘሽ ገመዱ ላይ ወደ ላይ የምትገፊው፣ ወደ ታች ግን የማይንሸራተተው ጁማር አለሽ፣ እንደሱው ገመዱን የሚይዝ፣ ደረት ላይ የሚታሰረው ክሮል አለሽ፣ ወገብና ጭን ላይ የሚታሰረው ሃርነስም አለሽ። 6 ሜትር ላይ ስትደርሺ ግን ክንድሽ ይዝላል፣ ጣትሽ አልታዘዝ ይላል። «ጂም ልግባ ወይስ ዕቃ ልቀይር?» ብለሻል። ሁለቱም ይቅርብሽ። ዕቃሽ ጥሩ ነው፣ ጉልበትሽም ይበቃል። ችግሩ የማሰሪያዎችሽ ልክ ላይ ነው።

እኔ ጅማ ዙሪያ የዛፍ ዘር እየለቀምኩ 7 ዓመት ሆኖኛል። ቀረሮ የሚባለው ዛፍ ከ30 ሜትር በላይ ይሄዳል፣ ፍሬውም ያለው አናቱ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ልክ እንዳንቺ በክንዴ ነው የጨረስኩት። ማታ ማታ እንጀራ መቁረስ እስኪያቅተኝ። አንድ ቀን ወደ ጌራ በኩል ቀፎ የሚሰቅሉ አንድ አባት ከሥር ቆመው ሲያዩኝ ቆዩ። ስወርድ «ልጄ፣ እግርህን የት ጥለኸው ነው በእጅህ የምትወጣው?» አሉኝ። እሳቸው ያለ ጁማር፣ በገመድና በሐረግ ብቻ ከኔ በፊት ቅርንጫፍ ላይ ይደርሳሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እግራቸውን ማየት ያዝኩ።

አንቺ የምትጠቀሚበትን አወጣጥ ዋሻ የሚያስሱ ሰዎች የእንቁራሪት አወጣጥ ይሉታል። ስሙ ራሱ ያስተምራል። ትቀመጫለሽ፤ ክብደትሽን ክሮሉ ይይዘዋል። ጉልበቶችሽን ወደ ደረት ስታነሺ ጁማሩም አብሮ ወደ ላይ ይገፋል። እጅና እግር አንድ ላይ ነው የሚነሱት። ከዚያ ተረከዝሽን መቀመጫሽ ሥር አምጥተሽ ቀጥ ብለሽ ትቆሚያለሽ። ቁልፉ እዚህ ነው። እግርሽ ወደ ፊት ከሄደ ሰውነትሽ ወደ ኋላ ይጋደማል፤ ያን ጊዜ እንዳትወድቂ ክንድሽ ይጎትታል። የሚያዝልሽ ይሄ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጠሽ እግርሽን ወደ ፊት ዘርግተሽ ለመነሳት ሞክሪ፤ አትችይም። እግርሽን ከወንበሩ ሥር ስትስቢው ትነሻለሽ። ገመድ ላይም ያው ነው። የእጅ ሥራ ገመዱን አቅፎ ደረትን ወደ ገመዱ ማስጠጋት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ልኩ። ከጁማሩ ተንጠልጥሎ እግርሽን የምታስገቢበትን ገመድ ልብ ብለሽ እዪው። እግርሽን አስገብተሽ፣ ጉልበትሽን ዘርግተሽ ሙሉ በሙሉ ስትቆሚ ጁማሩ ከክሮሉ በላይ አራት ጣት ያህል ብቻ መራቅ አለበት። አንቺ ስትቆሚ ጁማሩ ግንባርሽ ጋ እንደሚሆን ጽፈሻል። እንግዲያው የእግር ገመዱ በጣም ረዝሟል። ሲረዝም ጁማሩን እጅሽ እስከሚደርስበት ብትገፊውም ጉልበትሽ በደንብ አይታጠፍም። ስለዚህ እርምጃሽ ያጥራል። ሒሳቡን እዪው፦ በአንድ እርምጃ 20 ሳንቲ ሜትር ከወጣሽ 24 ሜትር ለመድረስ 120 ጊዜ ትነሻለሽ። 40 ከሆነ 60 ጊዜ። ዛፉ ያው፣ ገመዱ ያው። በጣም ካጠረ ደግሞ ጁማሩ ክሮሉን እየገጨ ቀጥ ብለሽ እንዳትቆሚ ይከለክልሻል። ለኔ ልኩን ለማግኘት አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጅቶብኛል፤ አልቆጨኝም። በጫማ ሶል ውፍረት እንኳ ይለወጣል። በምትወጪበት ጫማ ለኪ።

ሁለተኛው የደረት ማሰሪያሽ ነው። ከላላ ክሮሉ ወደ ታች ይወርዳል፣ በተቀመጥሽ ቁጥር ከወጣሽው ላይ ጥቂቱን መልሶ ይወስድብሻል። ቆመሽ አጥብቂው። መሬት ላይ ቀና ብሎ መቆም ትንሽ እስኪያስቸግርሽ ድረስ። ገመድ ላይ ስትቀመጪ ልክ ይሆናል።

የመጀመሪያዎቹ ሜትሮች ሁሌም አድካሚ ናቸው። ከሥር ያለው ገመድ ቀላል ስለሆነ ከክሮሉ ጋር አብሮ ይነሳል፣ ክሮሉ አይንሸራተትም። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ነው ጉልበቱን የሚጨርሰው። መፍትሔው ሁለት ሊትር ውኃ የሞላ ሃይላንድ ገመዱ ጫፍ ላይ ማሰር ነው። ሰው ካለ ገመዱን ከሥር ወጠር አድርጎ ይያዝልሽ። ከፍ ስትይ የገመዱ ክብደት ራሱ ይጎትተዋል።

ገመዱ ራሱ የማይለጠጥ፣ ስታቲክ የሚባለው ይሁን። የሚለጠጠው የተሠራው ሰው ሲወድቅ ምቱን ለማለዘብ ነው። በተነሳሽ ቁጥር እንደ ላስቲክ ወደ ታች ይመልስሻል፣ ቅርንጫፉም ላይ እየተፋተገ ይበላል።

አሁን የምጽፈውን በጥንቃቄ አንብቢልኝ። ከሃርነሱ ወደ ጁማሩ የሚሄደው የደህንነት ማሰሪያ ላይ ተንጠልጥለሽ ስትቀመጪ፣ ክንድሽ በትንሹ ታጥፎ ጁማሩን መያዝ መቻል አለብሽ። እኔ ይህን ሳልለካ ወጥቻለሁ። ሐምሌ ነበር፣ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። 12 ሜትር ላይ ወደ ጎን ቅርንጫፍ ልሻገር ብዬ የእግር ገመዱን ነቀልኩ፣ ክሮሉንም ከፈትኩ። ግንዱ ላይ የበቀለው የዛፍ ሽበት አዳለጠኝና ማሰሪያው ላይ ቁጭ አልኩ። ጁማሩ ከጣቴ ጫፍ አንድ ስንዝር በላይ ቀረ። ክብደቴ ስላለበት አይከፈትም፤ ክብደቴን እንዳላነሳ አልደርስበትም። እጄን ሦስት ጊዜ ዘረጋሁ። አየሩ ላይ ነው የምዘረጋው። ያዳነኝ ኪሴ ውስጥ የነበረ የ7 ሚሊ ሜትር ክር ነው። ገመዱ ላይ ሦስት ጊዜ ጠምጥሜ ፕሩሲክ የሚባለውን፣ ክብደት ሲያርፍበት ገመዱን የሚጨብጥ ቋጠሮ ሠራሁ፣ እግሬን አስገብቼ ቆምኩ፣ ጁማሩን ያዝኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ አበላሽቼዋለሁ።

ይህን ቋጠሮ ኦስትሪያዊው ካርል ፕሩሲክ በ1931 እ.ኤ.አ. ነው ያስተዋወቀው። ጁማሩን ደግሞ ዩሲና ማርቲ የሚባሉ ሁለት ስዊዘርላንዳውያን በ1958 እ.ኤ.አ. አወጡት፤ ስሙም ከሁለቱ ስም የተገጣጠመ ነው። ብረቱ ከመጣ ይህን ያህል ዘመን ቢያልፍም እኔ ያለ ሁለት ክር ከመሬት አልነሳም። አንቺም አትነሽ።

አንድ ሰው ደግሞ ከሥር ይኑር። ስልክ የሚይዝ ሳይሆን አንቺን ማውረድ የሚችል ሰው። ሃርነስ ላይ ሳይንቀሳቀሱ ተንጠልጥሎ መቆየት ራስን ሊያስት፣ ሕይወትም ሊያጠፋ ይችላል።

ክሮሉና ጁማሩ ጥርስ አላቸው። ጥርሱ ገመዱን የሚይዘው ተወጥሮ ሲጎተት ነው እንጂ ሰው ከላይ ሲወድቅበት አይደለም። ሲወድቅበት የገመዱን ሽፋን ሊቀደው ይችላል። ስለዚህ ከጁማሩ በላይ አትውጪ፣ ማሰሪያሽም አይላላ። በክረምት ጭቃ ጥርሱ ውስጥ ይገባና ይንሸራተታል። አሮጌ የጥርስ ብሩሽ በክር አስረሽ ያዢ።

ጫፍ ላይ ስትደርሺም ጁማሩን ገመዱ ቅርንጫፉ ላይ ከታሰረበት ቋጠሮ ጋር አታጋጪው። ለመክፈት መጀመሪያ ትንሽ ወደ ላይ መግፋት ስላለብሽ ቦታ ከሌለው አይከፈትም። አንድ ክንድ ያህል ሲቀርሽ ቁሚና መውረጃሽን፣ ማለትም በገመዱ ቀስ እያለ የሚያወርድሽን መሣሪያ፣ አስገቢ። መውረጃው መያዙን በክብደትሽ ፈትሸሽ ነው ክሮሉን የምትከፍችው።

ለዚህ ሳምንት ወደ ላይ አትውጪ። ከመሬት 2 ሜትር የማይሞላ የዋንዛ ቅርንጫፍ ፈልጊ። የእግር ገመዱን አሳጥሪ፣ የደረቱን አጥብቂ፣ ተነሽ፣ ተቀመጪ፣ ገመዱ ሲያልቅብሽ ወርደሽ ድገሚው። አሥር ጊዜ ተነስተሽ ክንድሽ አሁንም ከዛለ ጁማሩ ከክሮሉ ስንት ጣት እንደሚርቅ ለክተሽ እዚሁ ጻፊልኝ። ከጎን የተነሳሽው ፎቶ ካለ ጨምሪበት፤ እግርሽ የት እንዳለ ማየት እፈልጋለሁ።