ጎመንዘር ዲቃላ ከሆነ ዘሩ ለምን አይበላሽም?

ጥያቄ፦ «የድቅል በቆሎ ዘር መልሳችሁ አትዝሩ ትሉናላችሁ። ልጄ ደግሞ ጎመንዘርም ዲቃላ ነው አለኝ። እኛ ግን ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ዘሩን ከጓሯችን ነው የምናስቀረው። ዘንድሮ ጎረቤቴ ጥቅል ጎመን ተክሏል፤ አጥሩ ሥር ሰናፍጭ በቅሏል። ይዳቀልብኝ ይሆን?» ከኩታበር፣ ደቡብ ወሎ

አብሽሩ። ልጅዎም ልክ ነው፣ እርስዎም ልክ ነዎት።

ጎመንዘር የሰናፍጭና የጥቅል ጎመን ወገን ልጅ ነው። ሰናፍጭ 16 ክሮሞዞም (የወላጅን ጠባይ ለልጅ የሚያስተላልፍ፣ በዓይን የማይታይ ክር) አለው፤ የጥቅል ጎመን ወገን 18። ልጅ ከእናትም ከአባትም ግማሽ ግማሹን ስለሚወስድ 8 እና 9፣ በድምሩ 17 ይደርሰዋል። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ተክል ዘር እንዲሰጥ ክሮሞዞሞቹ ጥንድ ጥንድ መሆን አለባቸው። 17ቱ ግን አቻ የላቸውም። ስለዚህ እንዲህ ያለው ዲቃላ እንደ በቅሎ መካን ይሆናል።

አልፎ አልፎ ግን ክሮሞዞሙ ሳይከፈል ይቀርና እጥፍ ይሆናል። 17 የነበረው 34 ሲሆን እያንዳንዱ ጥንዱን ያገኛል፤ መካኑ ይወልዳል። የጎመንዘር ክሮሞዞም 34 የሆነው ለዚህ ነው። ይህን የጎመኖች ዝምድና በ1935 እ.ኤ.አ. ያስረዳው ጃፓን ይሠራ የነበረው የዕፅዋት ተመራማሪ ናጋሃሩ ዩ ነው። ስንዴም የመጣው በዚሁ መንገድ ነው፦ የፓስታው 28፣ የዳቦው 42 አለው።

የድቅል በቆሎ ክሮሞዞም ግን እጥፍ አልሆነም። የተለያዩ የበቆሎ ዓይነቶች ተዳቅለው የወጣ ስለሆነ ዘሩን መልሰው ሲዘሩት ይበታተናል፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ ምርቱም ቀነስ ያለ። ጎመንዘር የሁለቱን ወላጆች ድርሻ በጥንድ ስለያዘ ያንኑ ያወርሳል።

ወደ ጎረቤትዎ እንምጣ። ጥቅል ጎመኑ ሳያብብ ተቆርጦ ወጥ ስለሚሆን ይተዉት። ሰናፍጩ ያብባል፣ ንብም ትመላለሳለች። ቢዳቀሉ እንኳ 17 እና 8 ተደምሮ 25 ይሆናል፤ ጎዶሎ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ፍሬ አይዝም። ጎመንዘር ከወላጆቹ ተለይቶ በራሱ መስፋፋት የቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሰናፍጩ አብሮ ታጭዶ አብሮ መወቃቱ ነው። ፍሬው አጭር ሆኖ ግንዱ ላይ ልጥፍ ይላል፤ የጎመንዘር ግን ረዘም ብሎ ወደ ውጭ ይወጣል። ሲለዩት ሳይደርቅ ይንቀሉት። በአቅራቢያው ሌላ ዓይነት ጎመንዘር ካለ ግን እሱ በደንብ ይዳቀላል። ስለዚህ ለምጣድ ማሰሻ የሚሆነውን ከዳር ይውሰዱ፤ ለዘር ከመሃል፣ ጥሩ ጥሩውን መርጠው ያቁሙ።