ሻወር ይወሰዳል?

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ ነው። ልጄ «ሻወር ልወስድ ነው» ስትል አያቷ «ወዴት ነው የምትወስጂው?» እያሉ ይስቃሉ። እኔ ግን «ፈተና ወሰድኩ»፣ «መድኃኒት ወሰድኩ» ስል ማንም አይስቅብኝም። ልዩነቱ ምንድን ነው? የእንግሊዝኛው «ቴክ» ሁልጊዜ «ወሰደ» ይባላል?

መልስ፦ አያቷ ቀልድ ቢመስላቸውም የጠየቁት ትክክለኛውን ጥያቄ ነው። በአማርኛ «ወሰደ» የሚባለው አንድ ነገር ካለበት ተነሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ሲሄድ ነው፤ ተቃራኒውም «አመጣ» ነው። ጎርፍ አጥር ይወስዳል፣ አባት ልጁን ሐኪም ቤት ይወስዳል፣ መንገድም ወደ ገበያ ይወስዳል። «እንቅልፍ ወሰደኝ» ስንል እንኳ ወሳጁ እንቅልፍ፣ ተወሳጁ ሰው ነው። ሻወሩ ግን ከመታጠቢያ ቤቱ ንቅንቅ ስለማይል «ልታጠብ ነው» ወይም «ገላዬን ልታጠብ ነው» ማለት ይበቃል። እንግዳንም «ወንበር ይውሰዱ» ብንለው ወንበሩን ተሸክሞ ቢወጣ አይፈረድበትም፤ የኛ ሰው «ይቀመጡ» ነው የሚለው።

የእንግሊዝኛው ቃል ታሪኩ ሌላ ነው። «ቴክ» ስካንዲኔቪያውያን እንግሊዝ ሲሰፍሩ ይዘውት ከመጡት ከኖርስ ቋንቋ «ታካ» የተገኘ ሲሆን፣ ቀድሞ በእንግሊዝኛ የነበረውንና የጀርመንኛው «ኔመን» ዘመድ የሆነውን «ኒማን» የተባለ ግስ ቀስ በቀስ አስወጥቶ ተተካ። ጥንታዊ ፍቺው መንካትና መጨበጥ ስለነበረ፣ ከእኛ ግሶች ይበልጥ የሚቀርበው «ወሰደ» ሳይሆን «ያዘ» ነው፤ ታክሲ፣ ማስታወሻና ቦታ በአማርኛ የሚያዙ እንጂ የሚወሰዱ አለመሆናቸውን ልብ ይሏል።

የቀደሙት ተርጓሚዎች ይህን ጉዳይ እንዴት እንዳስተናገዱት ለማየት የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 26 ቁጥር 26 ጥሩ ማሳያ ነው። በእንግሊዝኛው ኢየሱስ እንጀራውን ሲያነሣም፣ ደቀ መዛሙርቱን «ብሉ» ከማለቱ በፊት በሰጠው ትእዛዝም የገባው ያው «ቴክ» ነው፤ በግእዙም በሁለቱም ቦታ «ነሥአ» የሚለው ግስ አለ። አማርኛው ግን መጀመሪያ «እንጀራን አንሥቶ» ካለ በኋላ «እንካችሁ፥ ብሉ» ይላል። «ወሰደ» የትም አልገባም፤ እጅ በእጅ ሲሰጡ የሚነገረው «እንካ»፣ «እንኪ»፣ «እንካችሁ» ነውና። «አነሣ» ደግሞ የዚያው የ«ነሥአ» ዘር ነው። ዛሬ «ፎቶ አነሣኝ» የምንለውም በዚሁ ግስ ነው፤ «ፎቶዬን ወሰደው» ከተባለማ ሰሚው የሚጠረጥረው ሌባ ነው።

ወደ እርስዎ ምሳሌዎች ስመለስ፣ «ፈተና ወሰደ» በትምህርት ቤት አማርኛ ሥር ሰድዷል። «ተፈተነ» አጭርና ጥንታዊ ስለሆነ እኔ እሱን እመርጣለሁ፤ ይሁን እንጂ «ተፈተነ» በመከራ መፈተንንም ስለሚያመለክት፣ ሌላውን ፈጽሞ ስሕተት ነው ለማለት አልደፍርም። መድኃኒት በቀድሞው አነጋገር እንደ ዓይነቱ ይጠጣል፣ ይዋጣል፣ ይቀባል፣ ወይም ሰውየው ይወጋል። ለሁሉም የሚሆን አንድ ቃል ሲፈለግ ግን «ይወሰድ» ችግሩን ስላቃለለ ተቀብለነዋል። «ጊዜ ይወስዳል» የሚለውንም አልቃወመውም፣ ምንም እንኳ «ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ» የተናጋሪውን ምሬት ጨምሮ የሚናገር ቢሆንም።

ከሁሉ የሚያስገርመው «እርምጃ ወሰደ» ነው። ይህ አነጋገር ዛሬ ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የማይጠፋ ሲሆን፣ በደርግ ዘመን «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደበት» ማለት ሰውየው ተገደለ ማለት ነበር። ጉዳቱን በሰውየው ላይ የሚጭነው «-በት» የሚለው ቅጥያ ነው፤ «እርምጃ ተወሰደለት» የሚል ሰው አልሰማሁም። እንግዲህ ቃሉ ከውጭ የመጣ ቢሆን እንኳ እዚህ በራሳችን ሰዋስው ሌላ ፍቺ አውጥቷል።

አልፎ አልፎ በትርጉም ጽሑፎች የሚታየውን «ስብሰባው ቦታ ወሰደ» የሚለውን ግን ያለ ማመንታት ይሰርዙት። ስብሰባ ይካሄዳል ወይም ይደረጋል።