በሲ ልጀምር ወይስ በፓይተን?

ጥያቄ፦ ኮምፒውተር ሳይንስ ልማር ነው፤ የመጀመሪያ የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ እየመረጥኩ ነው። አንዱ ጓደኛዬ «በሲ ጀምር» ይለኛል፣ ሌላው «ፓይተን ይሻልሃል» ይላል። ግራ ገባኝ። እርስዎ ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ በፓይተን ጀምር። እኔ የጀመርኩት በሲ ነው። አንድ ሌሊት ሙሉ ስህተት ስፈልግ አነጋሁ። ለካ የረሳሁት አንዲት ሰሚኮለን (የትእዛዝ መዝጊያዋ «;») ኖሯል! ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ደግሞ የሚጠቁመኝ ቀጣዩን መስመር ነበር። እዚያ ላይ ምንም ጥፋት የለም እኮ።

በ1991 የወጣው ፓይተን ይህን ጣጣ ይቀንስልሃል። (መስመር አገባብ ላይ፣ ማለትም ከመስመሩ ፊት በሚተወው ባዶ ቦታ ላይ፣ ግን ቀልድ አያውቅም።) ሐሳብህ ሉፕ (ትእዛዝ መደጋገሚያ) እና ፈንክሽን (ስም የተሰጠው የትእዛዝ ስብስብ) ላይ ይሆናል።

ሲን ግን እርግፍ አድርገህ አትተው። ፓይተንን ስትለምድ ይህን ሞክር፦ ሦስት ቁጥር የያዘ ሊስት (ዝርዝር) ሥራና አራተኛውን ጠይቀው። «የለም» ብሎ ያቆምሃል። በሲ ተመሳሳዩን አድርግ። ዝም ብሎ ከሚሞሪ (ከኮምፒውተሩ ማህደረ ትውስታ) ያገኘውን የማይረባ ቁጥር ሊሰጥህ ይችላል፤ ፕሮግራሙም ሊዘጋ ይችላል። እኔ ሚሞሪ ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ትምህርት ክፍልህ ጃቫ በተባለ ሌላ ቋንቋ የሚያስተምር ከሆነስ? ክርክሩን ተወውና ጃቫን ያዝ። ሁለት ቋንቋ ባንዴ ማስኬድ እኔን አልሆነልኝም።