ሐረር ላይ የወደቀው ሐውልት ደብረ ብርሃን ላይ ሲያጣላ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ቲቸር። ደብረ ብርሃን ታሪክ ያስተማሩኝ ተማሪዎ ነኝ። ባለፈው ለልጄ ክርስትና ቤተሰቡ ተሰብስቦ ነበር። ሁለተኛው ቡና እንደቀረበ አጎቴ የራስ መኮንንን ሐውልት ነገር አነሣ። «ሐረር ላይ የወደቀው እዚያው ቦታው ካልቆመ ሸዋ ተዋረደ ማለት ነው» አለ። የወንድሜ ሚስት ተወልዳ ያደገችው ሐረር ነው። «የሐረርን ሰው ማን ጠየቀው?» አለችው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ከረረ። አጎቴ ተናዶ «ባንዳ» አላት። እሷም ልጆቿን ይዛ ወጣች። እስካሁን አይነጋገሩም። ማን ነው ትክክል? ሐውልቱስ ምን ቢደረግ ይሻላል ይላሉ?
መ.፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ የቤታችሁን ጉዳይ ልጨርስ። አጎትህ ይቅርታ ይጠይቃት። የወንድምህን ሚስት፣ የልጆች እናት፣ ለክርስትና በመጣችበት ቤት እንዲህ ብሎ መሳደብ ነውር ነው። ሁለት ሽማግሌ ይዛችሁ ቤቷ ድረስ ሂዱ። የሐውልቱ ክርክር ይደርሳል፤ ይሄ ግን ካደረ ይመራል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። አጎትህ የሚቆረቆርበት ምክንያት አለው። ራስ መኮንን ወልደ ሚካኤል የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ናቸው፤ የእኛው የሸዋ ሰው። ኅዳር 28 ቀን 1888 አምባላጌ ላይ የጣሊያንን ጦር ድል ካደረጉት መሪዎች አንዱ ናቸው። መቀሌም ዓድዋም ነበሩ። መጋቢት 1898 ቁልቢ ላይ አረፉ። ሐውልቱ የቆመላቸው በልጃቸው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። የቀረፀውም አንቱን አውጉስቲንቺች የሚባል የዩጎዝላቪያ ሰው ነው። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ፈረሰኛው በገመድ ተጎትቶ ሲወድቅ በስልኩ ቢያይ፣ ሆዱ ቢቃጠል አይፈረድበትም። እኔም ያን ቀን አልቅሻለሁ።

ሐውልቱን በአካል አይቼዋለሁ። ገና በማስተምርበት ዘመን ለሥልጠና ሐረር ሄጄ ነበር። ከአሮጌው ከተማ ግንብ፣ ከጁገል ውጭ፣ በስማቸው በሚጠራው አደባባይ ላይ ቆሞ ነበር። ደስ ብሎኝ ፎቶ ተነሣሁ። በማግሥቱ አብራን የምትሠለጥን የሐረሪ መምህርት ጁገል ውስጥ እናቷ ቤት ወሰደችኝ። ጫማችንን አውልቀን ገባን። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ስፌትና ሳሕን ተሰቅሎበታል። ሰው የሚቀመጠው ደረጃ ደረጃ ሆኖ በተሠራ መደብ ላይ ነው። መደቡ በቀይ አፈር ተለቅልቋል፤ ምንጣፉ ያልሸፈነው ጠርዙ ደመቅ ብሎ ይታያል። ቀለሙ አምሮኝ ከየት እንደሚያመጡት ጠየቅሁ። እናትየው «የጨለንቆ ደም ማስታወሻ ነው» አሉኝ። በቁጣ አልነበረም፤ ቡናዬን እየቀዱልኝ ነው።

ጨለንቆ በ1879 የምኒልክ ጦርና የሐረሩ አሚር አብዱላሂ ጦር የተዋጉበት ቦታ ነው። ሐረር የተያዘችው ከዚያ ውጊያ በኋላ ነው። ገዥ ሆነው የተሾሙትም ራስ መኮንን ናቸው። ያን ጊዜ ፈረስ መጋላ በሚባለው አደባባይ ላይ የነበረው መስጊድ ቀርቶ በቦታው ቤተ ክርስቲያን መቆሙንም የከተማው ሰው አይረሳውም። እኛ ክፍል ውስጥ ዓድዋን ለሳምንታት እናስተምራለን። ጨለንቆን ግን አንድ መስመር ላይ ጠቅሰን እናልፋለን። እዚያ ቤት ደግሞ በየቀኑ ይቀመጡበታል።

የወንድምህ ሚስት ሐረሪ ትሁን አትሁን አልጻፍክልኝም። ብትሆንም ባትሆንም፣ ሐረር ያደገ ልጅ ይህን ከጎረቤት ይሰማል። «ማን ጠየቀው?» ስትል ራስ መኮንንን መስደቧ አይደለም። ጥያቄዋ ትክክል ነው። እኔ ራሴ ስለዚህ ሐውልት የሚከራከር ሰው ባገኘሁ ቁጥር የምጠይቀው እሱኑ ነው።

ታዲያ የወደቀበት መንገድ ልክ ነበር ማለቴ አይደለም። ሰኔ 2012 መጨረሻ ላይ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገድሎ አገር በኀዘንና በቁጣ ላይ ነበር። በየቦታው ሰው ይሞት፣ ቤት ይቃጠል ነበር። በእንዲህ ያለ ቀን በሰልፈኛ የተገረሰሰ ሐውልት ተመክሮበት ወረደ አይባልም። ሕግም አለን። አዋጅ ቁጥር 209/1992 የማይንቀሳቀስ ቅርስ ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ከቦታው እንዳይነሣ ይከለክላል። ሕጉ የተጻፈው ቁጣ እንዲህ እንዳይፈርድ ነው። ሐረርም ብትሆን ስለ ገዛ አደባባይዋ የመናገር ዕድሏን ያን ቀን ተነጠቀች። «ይቆይ» የሚለው ሐረሬ አልተሰማም። «በሥርዓት ይነሣ» የሚለውም አልተሰማም።

አጎትህ «የምኒልክ ሐውልትስ ተመልሶ የለም ወይ?» ይልህ ይሆናል። አዎ ተመልሷል። በ1923 በዘውድ በዓሉ ዋዜማ ተመርቆ፣ ፋሺስት አንሥቶት፣ ከነፃነት በኋላ ቦታው ላይ ቆሟል። ያ መመለስ ግን ከወራሪ እጅ ማስመለስ ነበር። የሐረሩ ክርክር በአንድ አገር ልጆች መካከል ነው። ወራሪን በመለስንበት መንገድ ወንድማችንን አንመልሰውም።

የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ለእኔ የተሻለ ምሳሌ ነው። በ2005 ለባቡሩ ሥራ ሲነሣ ስንቱ ሰው ፈራ! «በዚያው ሊጠፋ ነው» ተባለ። ግን ለምን እንደሚነሣ አስቀድሞ ተነገረ። ብሔራዊ ሙዚየም ተቀመጠ። በ2008 ተመለሰ። ሰው የሚፈልገው ይህን ነው፤ ማን እንዳነሣው፣ የት እንዳለ፣ ነገ ምን እንደሚሆን ማወቅ።

ከውጭም አንድ ልጨምርልህ። እንግሊዝ ውስጥ ብሪስቶል በምትባል ከተማ የኤድዋርድ ኮልስተን ሐውልት ነበር። ሰውየው በባሪያ ንግድ የከበረ ነጋዴ ነው። ሐውልቱ እ.ኤ.አ. በ1895 ቆመ። በዚያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጁን 7 ቀን 2020፣ ማለትም የሐረሩ ሊወድቅ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ ሰልፈኞች ጥለው ወደብ ውስጥ ከተቱት። ኮልስተንና ራስ መኮንን በሥራቸው አይገናኙም፤ አጎትህ እዚህ ላይ እንዳይቆጣ አደራ። እኔ የማነሣው ከወደቀ በኋላ የተደረገውን ነው። ከተማው ሐውልቱን ከውኃ አወጣው። የተቀባበትን ቀለም ሳያስለቅቅ በዓመቱ ሙዚየም ውስጥ አጋድሞ አሳየው። ከዚያ «ምን እናድርገው?» ብሎ ሕዝቡን ጠየቀ። ወደ 14 ሺህ የሚጠጋ ሰው መልስ ሰጠ። ከከተማው ነዋሪዎች ከአምስቱ አራቱ ሙዚየም ይሁን አሉ።

ሐረር ላይም እንዲህ ቢጠየቅ ምን አለበት? ሐረሪው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ሶማሌው፣ እዚያ የሚኖር ሁሉ ይጠየቅ። መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ይናገር። ከእኛ በኩልም የሚናገር ሰው ይሂድ፤ ራስ መኮንን የእኛም ናቸውና። ግን ሄደን እንናገራለን እንጂ ደብረ ብርሃን ተቀምጠን ለሐረር አደባባይ አንፈርድም።

የእኔን አቋም ከጠየቅኸኝ፣ ሐውልቱ ተጠግኖ ሐረር ሙዚየም ውስጥ ቢቆም እመርጣለሁ። ከጎኑ አምባላጌ ይጻፍ። ጨለንቆም በዚያው መጠን ፊደል ይጻፍ፤ አንዱ ጎልቶ ሌላው እንዳይደበቅ። ሐረር ለዚህ እንግዳ አይደለችም። ጁገል ውስጥ የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለው ያማረ ሕንጻ ዛሬ ሙዚየም ነው። አንድ የከተማው ልጅ ዕድሜውን ሙሉ የሰበሰበው የሐረሪ ቅርስ፣ የብራና ቁርኣኑ ሳይቀር፣ የተቀመጠው እዚያ ነው። የመኮንን ልጅ ቤት የአሚሮቹን ከተማ ቅርስ ይጠብቃል። ይህን ያደረገ ሕዝብ ለአንድ ሐውልት ቦታ ያጣል ብዬ አላምንም።

«አደባባይ ላይ ካልቆመ ይረሳል» የሚለውን አልቀበልም። አርበኛውን ኃይለ ማርያም ማሞን ደብረ ብርሃን ውስጥ የማያውቅ ልጅ አለ? በስማቸው በተሰየመው ትምህርት ቤት ስንት ትውልድ አልፏል! ራስ መኮንንን ለማክበር የሐረርን ፈቃድ መጠበቅ የለብንም። አጎትህ ልጆቹን ይዞ አንኮበር ይውጣ። ዳገቱ ያደክማል፤ ቤተ መንግሥቱ ከነበረበት አናት ላይ ሆኖ ቆላውን ቁልቁል ሲያይ ግን ይረሳዋል። እዚያ ቆሞ የሣህለ ሥላሴ ቤት ልጆች ማን ማን እንደነበሩ ይንገራቸው። የወንድምህ ሚስትም አብራ ብትሄድና ጨለንቆን ብትነግራቸው ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ በወረዳችን ለአርበኞች ሐውልት ልናቆም ኮሚቴ አቋቁመናል። ከወዲሁ ጭቅጭቅ ተጀምሯል። ምን ይመክሩናል?
ከሸዋ ሮቢት አካባቢ

መልስ፦ ጭቅጭቁ አሁን መጀመሩ ጥሩ ነው፤ ሲሚንቶው ሳይፈስ ይለቅ። ብር ከመሰብሰባችሁ በፊት የሚቆመው ለማን እንደሆነ ቁርጡን ተናገሩ። ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለሁሉም? ለአንድ ሰው ከሆነ የሌሎቹ አርበኞች ቤተሰቦች ተጠርተው ይሰሙ። የእርሻም የግጦሽም ጎረቤቶቻችሁን፣ አፋሩንም ኦሮሞውንም፣ ጥሩ። አርበኛው በእነሱ ዘንድ በሌላ ነገር የሚታወስ ከሆነ ከምርቃቱ ቀን በፊት መስማት ይሻላችኋል።

ድንጋዩ ላይ ውዳሴ አታብዙ። ማን፣ የት፣ መቼ እንደተዋጋ ጻፉ። ሐውልቱ የቆመበትን ዓመትና የቀራፂውን ስምም አትርሱ፤ አዲስ አበባ ውስጥ እንኳ ማን እንደሠራቸው ሰው የማያውቃቸው ስንት ሐውልቶች አሉ። ቃለ ጉባኤውን በሁለት ኮፒ አድርጉት። አንዱ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ፤ ሌላው ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይግባ። የተቃወመ ሰው ካለ ተቃውሞው ከነምክንያቱ ይመዝገብ። ኮሚቴው ከፈቀደ ረቂቁን ላኩልኝ፤ ቀንና ቦታውን አይቼ እመልስላችኋለሁ።