አባትየውን ትተው ልጁን ስለምን ቀየሩ?

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ አሜሪካ በገባንባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ጆሯችንን እንግሊዝኛ ያስለመድነው «ፍሬዥር» የተባለውን ተከታታይ አስቂኝ ድራማ እያየን ነበር። ድራማው እ.ኤ.አ. በ2023 እንደገና ሲጀምር ግን ከሁሉ አብልጠን የምንወዳቸው አባትየው ማርቲን ሞተዋል ተባለና ሌላ ተዋናይ ሳይተካቸው ቀረ። የፍሬዥር ልጅ ፍሬዲ ግን ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። አንዱን መተካት ከተቻለ ሌላውን መተካት ስለምን አልተቻለም?
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ድራማውን ላላዩ አንባቢዎቻችን ጥቂት እንበል። «ፍሬዥር» ከ1993 እስከ 2004 በኤንቢሲ ቴሌቪዥን 264 ክፍሎች የታዩለት ሥራ ነው። ባለታሪኩ በሲያትል ከተማ በሬዲዮ ምክር የሚሰጥ፣ በምግብና በወይን ምርጫው የሚኩራራ የአእምሮ ሐኪም ሲሆን፣ ዳሌያቸውን በጥይት ተመትተው ከፖሊስነት ጡረታ የወጡት አባቱ ማርቲን በፕላስተር የተጣጠፈ አሮጌ ወንበራቸውንና ውሻቸውን ይዘው እዚያ ያማረ ቤቱ ውስጥ ይገባሉ። ማርቲን ደጋፊ ገጸ ባሕርይ ይባሉ እንጂ፣ ፍሬዥርና ወንድሙ ናይልስ ሲመጻደቁ ከወንበራቸው ሆነው የሚታዘቧቸው እሳቸው ባይኖሩ ኖሮ ሁለቱን ወንድማማቾች ለ11 ዓመታት ማን ይታገሣቸው ነበር?

ማርቲንን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተጫወቱት ጆን ማሆኒ በየካቲት 2018 በ77 ዓመታቸው አርፈዋል። ድራማው ሲመለስ መሪ ተዋናዩ ኬልሲ ግራመር ራሳቸው 68 ዓመት ሞልቷቸው ስለነበር፣ አባት ሆኖ የሚቀርበው ሰው ከ80 ዓመት በላይ መሆን ነበረበት፤ በዚህ ዕድሜ የተከታታይ ድራማን የቀረጻ ድካም የሚችል ተዋናይ ማግኘት ቀላል አይደለም። ቢገኝም እንኳ ተመልካቹ የማሆኒን ድምፅና በከዘራ የተደገፈ አካሄድ አብጠርጥሮ ስለሚያውቅ፣ አዲሱ ሰው በእያንዳንዱ ትዕይንት ከሟቹ ጋር እየተነጻጸረ መኖሩ ነው። ስለዚህ ደራሲዎቹ ማርቲንን በታሪኩ ውስጥም አሳረፏቸው፤ ባለታሪኮቹ የሚሰባሰቡበትንም የቦስተን መጠጥ ቤት በተዋናዩ ስም «ማሆኒስ» አሉት።

የፍሬዲ ነገር ሌላ ነው። በፊተኛው ድራማ ትሬቨር አይንሆርን የተጫወተው ፍሬዲ ከእናቱ ጋር ቦስተን የሚኖር፣ አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ የሚል ልጅ ነበር፤ ከ19 ዓመት በኋላ ጎልማሳ ሆኖ ሲመጣ መልኩ መለወጡን ተመልካቹ አስቀድሞ የሚጠብቀው ነገር ነው። (የማርቲን ውሻም ድራማው ሳያልቅ በገዛ ልጁ መተካቱን እዚህ ላይ ብንጠቅስ አንባቢያችን ይታዘቡን ይሆን?) ነገር ግን ዋናው ጉዳይ ጃክ ከትሞር-ስኮት ተዋናይ ሆኖ መመረጡ ሳይሆን ለፍሬዲ የተሰጠው ኑሮ ነው። አዲሱ ፍሬዲ የሃርቫርድ ትምህርቱን አቋርጦ የእሳት አደጋ ሠራተኛ የሆነ፣ ቢራውን የሚወድ፣ በአባቱ መመጻደቅ የሚሳቀቅ ሰው ነው። ፍሬዥርም በተራው ልጁን የማይረዳ አባት ሆኗል። እንግዲህ ማርቲን ተተክተዋል ማለት ይቻላል፤ የተተኩት ግን በልጅ ልጃቸው ነው።

ተዋናይ ብቻ ለውጦ መቀጠል ምን እንደሚያመጣ ማየት ለሚሻ «ዳላስ» የተባለው ተከታታይ ድራማ ምስክር ነው። የቤቱን እመቤት ሚስ ኤሊን የሚጫወቱት ባርባራ ቤል ጌደስ በ1984 ሲለቁ የኦስካር ተሸላሚዋ ዶና ሪድ ተተኩ፤ ችሎታ አልጎደላቸውም፣ ተመልካቹ ግን አልለመዳቸውም። በዓመቱ ቤል ጌደስ ሲመለሱ ሪድ ተሰናበቱ፤ ከሰሱና ካሳ ተከፍሏቸው ነገሩ በስምምነት አለቀ። «ዳላስ» በ2012 ሲመለስ ሚስ ኤሊም ሞተው ነበር፤ የተዉት ኑዛዜ ግን ቤተሰቡን ማጣላቱን ቀጥሏል።

በእኛ አስተያየት የአዲሱ «ፍሬዥር» ጉድለት ሌላ ቦታ ነው። የናይልስ ተዋናይ ዴቪድ ሃይድ ፒርስ ለመመለስ ስላልፈለጉ በናይልስ ፈንታ ልጁ ዴቪድ ገባ፤ የአጎትና የወንድም ልጅ ጨዋታ ደግሞ የሁለት ወንድማማቾችን ፉክክር አያህልም። ድራማውም ከሁለት ምዕራፍ በኋላ ተቋርጧል። እርስዎና ባለቤትዎ ግን የ2023ቱን የመጀመሪያ ክፍል አንድ ጊዜ እንደገና እንድታዩት እንጋብዛለን፤ በዚህ ጊዜ ዓይናችሁን ከፍሬዥር ላይ አንስታችሁ ፍሬዲን ተከተሉ።