የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ካርዱን ከመግዛትዎ በፊት ኬዙን ይክፈቱ

ጥያቄ፦ ከአራት ዓመት በፊት ለጽሕፈትና ለኅትመት ሥራዬ ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7020 ገዝቼ ነበር። ሥራውን ከተውኩ በኋላ ኮምፒዩተሩ ቤት ገባና የ16 ዓመት ልጄ ተረከበው። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5 4590፣ ራሙ አንድ ባለ 8 ጊጋባይት፣ ሃርድ ዲስኩ 500 ጊጋባይት ሲሆን ኬዙ ረጅሙ ዓይነት ነው። ልጄ የእግር ኳስ ጌም ወይም ጂቲኤ 5 ሊጫወት ሲል ምስሉ ይቆራረጣል፤ አንዳንዴም ጭራሽ ስታክ ያደርጋል። አንድ ሱቅ ብጠይቅ ፕሮሰሰሩን ወደ አይ7 ቀይር አሉኝ፤ ሌላው ራም ጨምር አለኝ፤ ልጄ ደግሞ ግራፊክስ ካርድ ካልተገዛ ዋጋ የለውም ይላል። አቅሜ ሦስቱንም አይችልምና ከየትኛው ልጀምር?
አንድ አባት፣ ከጀሞ

መልስ፦ ከሦስቱ ምክሮች ወደ እውነቱ የቀረበው የልጅዎ ነው። ይሁን እንጂ ልጅዎ ልክ ነው ማለት ዛሬውኑ ወደ መገናኛ ሄዳችሁ ዓይን የገባውን ካርድ ግዙ ማለት አይደለም፤ ምክንያቱን ወደ ታች እገልጻለሁ።

በመጀመሪያ ፕሮሰሰሩን እንመልከት። አይ5 4590 እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ፣ አራት ኮር ያለው፣ ከ3.3 እስከ 3.7 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ፕሮሰሰር ነው። የጂቲኤ 5 አዘጋጆች ጌሙን እ.ኤ.አ. በ2015 ለኮምፒዩተር ሲያወጡ በደንብ እንዲሠራ ይመከራል ያሉት አይ5 3470ን ነው፤ እሱም ከእርስዎ በአንድ ትውልድ ያነሰ ነው። እንግዲህ ጌሙ የሚጠይቀው ፕሮሰሰር ቤትዎ አለ ማለት ነው። አይ7 4790 በዚያው ማዘርቦርድ ላይ ሊገጠም የሚችልና በእርግጥም የተሻለ ፕሮሰሰር ቢሆንም፣ አሁን ባለው ሁኔታ እሱን መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ያው ጌም በግራፊክስ በኩል የሚመክረው ግን የራሱ 2 ጊጋባይት ማኅደረ ትውስታ ያለውን ጂቲኤክስ 660 የተባለ ካርድ ነው። የእርስዎ ኮምፒዩተር ካርድ የለውም፤ ምስሉን የሚሠራው ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተፈጠረው ኤችዲ 4600 ነው፤ እሱ ደግሞ የራሱ ማኅደረ ትውስታ ስለሌለው ከራሙ ተበድሮ ይሠራል። ራምዎ አንድ ብቻ በመሆኑ በሰከንድ ሊያመላልስ የሚችለው ከፍተኛው መጠን 12.8 ጊጋባይት ነው። ሁለት ራም በትክክለኛው ቦታ ሲሰካ ዱዋል ቻናል በሚባለው አሠራር ይህ መጠን በእጥፍ ያድግና 25.6 ይሆናል። ጂቲኤክስ 1650 የተባለው መካከለኛ ካርድ በበኩሉ በሰከንድ 128 ጊጋባይት የሚያመላልስ የራሱ 4 ጊጋባይት ማኅደረ ትውስታ አለው። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የልጅዎ ጌም የሚቆራረጠው ኮምፒዩተሩ ስላረጀ ብቻ ሳይሆን፣ ለጽሕፈት የተሠራ ማሽን ሥዕል እንዲሥል ስለተጠየቀ ነው።

ይህን በእኔ ቃል ብቻ አይመኑ። ጌሙ ተከፍቶ ሳለ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች በአንድነት ተጭነው ታስክ ማኔጀርን ይክፈቱና ፐርፎርማንስ የሚለውን ገጽ ይመልከቱ። ጂፒዩ (ምስሉን የሚሠራው ክፍል) የሚለው መስመር ወደ 100 በመቶ ተጠግቶ ፕሮሰሰሩ ግማሽ አካባቢ ከሆነ ጥፋቱ የግራፊክሱ ነው። በተቃራኒው ፕሮሰሰሩ 100 በመቶ ደርሶ ጂፒዩው የሚያርፍ ከሆነ ካርድ ቢገዙም ብዙ ለውጥ አያዩም። ይህን የአምስት ደቂቃ ምርመራ ሳያደርግ ምክር የሚሰጥ ባለሱቅ የሚመክረው መደርደሪያው ላይ ያለውን ዕቃ ነው።

አሁን ኬዙን ይክፈቱ። ኮምፒዩተሩን አጥፍተው፣ ገመዱን ከሶኬቱ ነቅለው፣ የጎኑን ክዳን ሲያነሡ መጀመሪያ የሚያገኙት አቧራ ይሆናል። በጽሕፈት ቤት የኖረ ማሽን የወረቀት ብናኝም ስለሚጠጣ የፕሮሰሰሩ ፋን ሥር እንደ ጥጥ የተጠቀጠቀ ነገር ቢያዩ አይገረሙ። ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ይዘው በብሎወር ያስነፉት፤ ከፋኑ ሥር ያለው ተርማል ፔስት (የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚያሸጋግረው ቅባት) ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ ካልተቀየረም ደርቆ ስለሚሆን ያስቀይሩት። ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ጌም ከተጀመረ ከ20 ደቂቃ በኋላ የሚመጣ መንቀራፈፍ ብዙውን ጊዜ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

ቀጥሎ የሚያዩት ፓወር ሰፕላዩን ነው፤ ምክሬን ሁሉ የሚወስነውም እሱ ነው። በረጅሙ ኬዝ ውስጥ ያለው የኦፕቲፕሌክስ 7020 ፓወር ሰፕላይ 290 ዋት ሲሆን፣ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ተጨማሪ የኃይል ገመድ የለውም። በሌላ ትልቅ እንዳይቀይሩት ደግሞ ዴል በዚህ ሞዴል ማዘርቦርድ ላይ የተጠቀመው የተለመደውን ባለ 24 ቀዳዳ ሳይሆን የራሱን ባለ 8 ቀዳዳ መሰኪያ ነው። ማስተካከያ ገመድ ገበያ ላይ ቢኖርም ጥራቱን ማረጋገጥ ስለሚያስቸግር እኔ አልመክርም። ስለዚህ የሚገዛው ካርድ ኃይሉን ከተሰካበት ስሎት ብቻ የሚያገኝ መሆን አለበት፤ ስሎቱ ደግሞ ከ75 ዋት በላይ አይሰጥም። ፕሮሰሰሩ እስከ 84 ዋት፣ ካርዱ 75 ዋት ቢወስዱ፣ ሃርድ ዲስኩና የቀረው ሁሉ ተደምሮም ቢሆን 290ው ይበቃል።

በዚህ ልክ ከሚገኙት ውስጥ ምርጫዬ ጂቲኤክስ 1650 ነው፤ ነገር ግን አንዳንድ ፋብሪካዎች ተጨማሪ የኃይል ገመድ የሚፈልግ አድርገው ስለሠሩት የካርዱን ጫፍ አይተው ባለ ስድስት ቀዳዳ መሰኪያ የሌለበትን ይምረጡ። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይም ጥሩ ሠርቷል፤ ፊፋ 23 በትንሹ የሚጠይቀው እሱን ነበር። ሆኖም አምራቹ ኤንቪዲያ ለዚህ ትውልድ ካርዶች አዳዲስ የጌም ድራይቨሮችን (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባቡ ፕሮግራሞችን) ማውጣቱን እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ላይ ስላቆመ፣ የዋጋው ልዩነት ሰፊ ካልሆነ በቀር 1650ውን ያስቀድሙ። ጂቲ 730 ወይም ጂቲ 710 የሚባሉትን ርካሽ ካርዶች ከነአካቴው ይተዉ፤ ሞኒተር ለመጨመር እንጂ ለጌም አይሆኑም። ጂቲ 1030ም በአንድ ስም ሁለት ዕቃ ነው፤ ልዩነቱ በማኅደረ ትውስታው ዓይነት ሲሆን ዲዲአር4 የሚል የተጻፈበት ከጂዲዲአር5ቱ እጅግ ያነሰ ነው።

በቴሌግራም ማስታወቂያ ወይም ከሱቅ ያገለገለ ካርድ ሲገዙ የሐሰተኛ ካርድ ነገር አለ። አሮጌ ካርድ ውስጡ ያለው ፕሮግራም ተለውጦ ራሱን 1050 ቲአይ ብሎ እንዲጠራ ይደረጋል፤ ዊንዶውስም አምኖ ያንኑ ስም ይጽፋል። በዓይን የሚታይ አንድ ምልክት ግን አለ። የ1050 ቲአይ ትውልድ የአናሎግ ምስል ማውጣት ስለማይችል፣ ከኋላው ሰማያዊ የቪጂኤ ቀዳዳ ያለው 1050 ቲአይ ካጋጠመዎ እጅዎን ይሰብስቡ። ሁለተኛው መፈተሻ ጂፒዩ-ዚ የተባለ ነጻ ፕሮግራም ነው፤ በፍላሽ ይዘው ሄደው ሱቁ ውስጥ ቢከፍቱት የሐሰተኛውን ካርድ ስም ፌክ የሚል ቃል አስቀድሞ ያሳያል። ሻጩ ይህን እንዳያደርጉ ከከለከለ መልሱን አግኝተዋል።

ይኸው የቪጂኤ ነገር ሌላም ጣጣ አለው። ሞኒተርዎ የጽሕፈት ቤቱ ከሆነ ምናልባት ቪጂኤ ብቻ ይኖረው ይሆናል፤ እንግዲያው ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር አዳፕተር አብረው ይግዙ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ካርዱ ከተገጠመ በኋላ የሞኒተሩን ገመድ በካርዱ ላይ እንጂ በቀድሞው ቀዳዳ ላይ እንዳትሰኩት። አንድ ጊዜ አንድ ወጣት ካርዱ ምንም ለውጥ አላመጣም፣ ተታልያለሁ ብሎ ኮምፒዩተሩን ተሸክሞ መጣ። ሰካነውና አበራነው፤ እውነትም ይንቀራፈፋል። ከኋላው ዞሬ ባይ ገመዱ ማዘርቦርዱ ላይ እንደተሰካ ነው፤ ካርዱ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያለ ሥራ ፋኑን ሲያሽከረክር ከርሟል። ነቅዬ ካርዱ ላይ ሰካሁለት፤ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ጨርሰን ተለያየን።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። በዚህ ወር ሁለተኛ ባለ 8 ጊጋባይት ዲዲአር3 ራም ይግዙ፤ ዋጋው ከሦስቱ ዝቅተኛው ነው፤ ካርዱ እስኪገዛ ድረስም አብሮ የተፈጠረው ግራፊክስ ወዲያው ይጠቀምበታል። ዱዋል መሆኑን ሲፒዩ-ዚ በተባለው ፕሮግራም ያረጋግጡ፤ ካልሆነ የራሙን ቦታ ይለውጡ። እስከዚያው ልጅዎ የጌሙን ሪዞሉሽን ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 ዝቅ ያድርገው፤ ግራፊክሱ ለእያንዳንዱ ምስል የሚሥላቸው ነጥቦች ከሁለት ሚሊዮን በላይ የነበሩት ወደ 920 ሺህ ገደማ ይወርዳሉ። ይህ አንድ ብር አያስወጣም። ከዚያ ካርዱ፣ ከካርዱ በኋላ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የፈጠነ ማከማቻ) ይከተላል። ኤስኤስዲ የምስሉን ፍጥነት አይጨምርም፤ ነገር ግን ኮምፒዩተሩ ሲበራና ጌሙ ሲከፈት ያለውን ረጅም ጥበቃ ያሳጥራል፤ በጂቲኤ ውስጥ በመኪና በፍጥነት ሲነዳ መንገዱ ቀርቶ ኋላ የሚመጣበትንም ችግር ይቀንሳል። አይ7ቱን ከዚህ ሁሉ በኋላ ታስክ ማኔጀሩ ፕሮሰሰሩ 100 በመቶ ደርሷል ካለ ብቻ ያስቡበት።

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ሐዋሳ ላለው ታናሽ ወንድሜ አርቲኤክስ 3060 ግራፊክስ ካርድ ገዝቼለታለሁ፤ በቅርቡ ወደ አገር ቤት ስለምሄድ ይዤለት ልሄድ ነው። ኮምፒዩተሩ ቀጭኑ ኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ጂ2 ሲሆን፣ ፓወር ሰፕላዩ ላይ 200 ዋት ይላል። ይሠራለታል?
እህት፣ ከቨርጂኒያ

መልስ፦ አይሠራለትምና ደረሰኙ በእጅዎ ካለ ቀኑ ሳያልፍ ይመልሱት። አርቲኤክስ 3060 ብቻውን 170 ዋት ይወስዳል፤ አምራቹም 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመክርለታል። ይህም ቢታለፍ ካርዱ በቁመቱ ከቀጭኑ ኬዝ ስለሚበልጥ ክዳኑ አይዘጋም።

ለቀጭን ኬዝ የሚሆነው ሎ ፕሮፋይል የሚባለው አጭር ካርድ ነው። አሜሪካ ገበያ ላይ በቀላሉ ከሚያገኟቸው አንዱ እስከ 53 ዋት የሚወስደውና የአንድ ስሎት ቦታ ብቻ የሚይዘው አርኤክስ 6400 ነው፤ የወንድምዎን ኮምፒዩተር ያህል ዕድሜ ባለው ማዘርቦርድ ላይ ግን ከአቅሙ ጥቂት ይቀንሳል። የሚበልጠው አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋባይቱ ነው፤ 70 ዋት ብቻ ስለሚወስድ ተጨማሪ ገመድ አይፈልግም፤ ሆኖም አጭሩም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ስሎት ውፍረት አለው። ስለዚህ ወንድምዎ ክዳኑን ከፍቶ፣ ከስሎቱ ጎን ማስመሪያ አቁሞ ፎቶ ይላክልዎና ከዚያ ይወስኑ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። ባለ 8 ጊጋባይቱ 3050 በስም ቢመሳሰልም 130 ዋት የሚወስድና ገመድ የሚፈልግ ሌላ ካርድ ነው። ካርዱን ያገለገለ የሚገዙ ከሆነም ከኋላ የሚታሰረው አጭሩ የብረት መያዣ አብሮ መኖሩን ይጠይቁ፤ ብዙዎች ረጅሙን አስረው አጭሩን ይጥሉታል።

ካርዱ ራሱ 110 ወይም 220 ቮልት የሚባል ጉዳይ የለውም። ነገር ግን በዚያው አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ወይም ሙሉ ኮምፒዩተር ልውሰድለት ካሉ፣ ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ መሰል ነገር መኖሩን ይዩ። ካለ፣ ሐዋሳ ደርሶ ሶኬት ላይ ከመሰካቱ በፊት ወደ 230 መዞር አለበት፤ በ115 እንዳለ ከተሰካ በዚያው ቅጽበት ይቃጠላል።

ጥያቄ፦ አራተኛ ትውልድ አይ5 ኮምፒዩተር አለኝ፤ ዊንዶውስ 10 ተቋርጧል ሲሉኝ ወደ 11 ላሳድገው ወይ? የምጠቀምበት ለጌም ብቻ ነው።
አንባቢ፣ ከደሴ

መልስ፦ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ቆመ ማለት የደኅንነት ማሻሻያው እንጂ ኮምፒዩተሩ አይደለም፤ ጌሞችዎ ትናንት እንደሠሩ ዛሬም ይሠራሉ። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ያሉትን፣ ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደኅንነት ክፍል ያላቸውን ማሽኖች ነው። መስፈርቱን በዘዴ አልፈው የሚጭኑ ባለሙያዎች አሉ፤ ይሠራልም፤ ነገር ግን ቫሎራንትን የመሰሉ ጌሞች በ11 ላይ ቲፒኤሙን ራሳቸው ስለሚጠይቁ እነሱን ለመጫወት ብለው ከሆነ ድካሙ ከንቱ ነው። ለጌም ብቻ ከሆነ በ10 ላይ ይቆዩ፤ የባንክና የቴሌብር ጉዳይዎን በስልክዎ ይጨርሱ፤ ምንጩ ያልታወቀ፣ ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተሰበረ (ክራክ የተደረገ) ጌም ደግሞ በዚያ ማሽን ላይ አይጫኑ።