ኔትወርኩ ደጅ ሞልቶ ፎቁ ውስጥ ለምን ይጠፋል?

ሥራዬ ሕንፃ ውስጥ የሞባይል ኔትወርክ መዘርጋት ነው። በዚህ ጉዳይ የሚጽፉልኝ ብዙ ናቸው፤ ዛሬ የአምስቱን ልመልስ።

ጥያቄ፦ መስታወት በመስታወት የሆነ አዲስ ሕንፃ ላይ ቢሮ ተከራይተናል። ታወሩ በመስኮት ይታየናል፤ ግን ለመደወል በረንዳ መውጣት አለብን። ምን ጉድ ነው?

ጥፋቱ የመስታወቱ ነው። የሚያንጸባርቁት አዳዲስ መስታወቶች ፀሐይ እንዲመልሱ ተብሎ በዓይን የማይለይ ስስ የብረት ሽፋን አላቸው። ያ ሽፋን ከሙቀቱ ጋር ሲግናሉንም ይመልሳል። 30 ዴሲቤል ድረስ ሊቀንሰው ይችላል፤ ይህም ማለት ከሺህ እጅ አንዷ ብቻ ገባች ማለት ነው። ግድግዳው አልኮቦንድ ከለበሰ አሉሚኒየም ነውና ይብሳል። መስኮቱን ከፍታችሁ ሞክሩት። ኔትወርኩ ከች ካለ ምክንያቱን አገኛችሁት። መስታወት መቀየር አይቻልም፤ መፍትሔው ሕንፃው ውስጥ በኬብል የተያያዙ ትንንሽ አንቴናዎች መትከል ነው።

ጥያቄ፦ ቤዝመንት ላይ ሱቅ አለኝ። ደንበኛ በቴሌብር ልክፈል ሲል ስልኩን ይዞ ደረጃ ይወጣል። አንዳንዱ በዚያው ይቀራል። ቡስተር ገዝቼ ልትከል?

እኅቴ፣ ገበያ በዚህ ማጣት እንዴት እንደሚያበሳጭ ይገባኛል። ግን እባክሽ አትግዢ። ቡስተር ሲግናሉን ከውጭ ተቀብሎ አጉልቶ ውስጥ ይለቃል። የውጩ አንቴና የውስጡን ከሰማ ግን ራሱን በራሱ ያጎላል። ማይክ ስፒከር አጠገብ ሲያዝ የሚጮኸውን አስቢ። ያ ጩኸት ተመልሶ ታወሩ ላይ ይደርስና የሰፈሩ ሰው ሁሉ ስልክ ይቆራረጣል። ሲግናሉ የሚሄድበት ፍሪኩዌንሲም ለኦፕሬተሩ፣ ማለትም ለስልክ ኩባንያው፣ የተሰጠ ስለሆነ ያለ እሱ ፈቃድ መትከል አይቻልም። ከጎረቤት ሱቆች ጋር ሆናችሁ በሕንፃው ባለቤት በኩል የውስጥ አንቴና ይተከልልን ብላችሁ ለኦፕሬተሩ በጽሑፍ አመልክቱ። የአንድ ሱቅና የአንድ ሕንፃ ጥያቄ እኩል አይታይም። እስከዚያው ሱቅሽ ውስጥ ዋይፋይ አስገቢ። በ*127# መክፈል ኔትወርክ ይፈልጋል፤ የቴሌብር አፕ ግን በኢንተርኔት ይሠራል።

ጥያቄ፦ 16ኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ሲግናሉ ሙሉ ነው፤ ድምፅ ግን ይቆራረጣል።

የታወር አንቴናዎች ወደ መንገዱና ወደ ሰፈሩ ጎንበስ ተደርገው ነው የሚተከሉት። ከፍ ያለ ፎቅ ላይ ስልክዎ የሩቁንም የቅርቡንም ታወር ባንዴ ያያል። ከመካከላቸው ጎልቶ የሚወጣ የለም። አሥር ሰው እኩል ሲያወራ ማንን ይሰማሉ? እርስዎ የጎደለዎት ሲግናል አይደለም፤ የጠራ ሲግናል ነው። የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት 209 ሜትር ነው። እንዲህ ረጃጅም ሕንፃ በበዛ ቁጥር የውስጥ አንቴና ለምድር ቤት ብቻ ሳይሆን ለላይኛው ፎቅም ግዴታ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ከወንድሞቼ ጋር ጂ ፕላስ 7 ልንሠራ መሠረት እያወጣን ነው። ኢንጂነራችን የኔትወርኩ ነገር በኋላ ይደርሳል ይላል።

አይደርስም! ይህን ጥያቄ ሳነብ ደስ ያለኝ ጊዜው ስላላለፈባችሁ ነው። እኔን ብዙ ጊዜ የሚጠሩኝ ኮርኒሱ ተዘግቶ፣ ቀለሙ ተቀብቶ ካለቀ በኋላ ነው። ያኔ ኮርኒስ ይፈርሳል፣ ሶሌታ ይበሳል፣ ወጪው እጥፍ ይሆናል።

አሁን ከታች እስከ ላይ የሚደርስ ሻፍት ከመብራትና ከውሃ መስመር ለይታችሁ አስቀሩ። ሻፍቱ ጥግ ላይ ሳይሆን ሕንፃው መሀል ይሁን። ምክንያት አለኝ፦ ሲግናሉን የሚያመላልሰው ግማሽ ኢንች ኬብል በ1800 ሜጋኸርዝ 100 ሜትር ሲሄድ ከአሥር እጅ ዘጠኙን ይበላል። እያንዳንዱ ሜትር ዋጋ አለው። ከሻፍቱ ወደየፎቁ ኮርኒስ የሚሄደውን ኮንዲዩት (የኬብል ቱቦ) ሰፋ አድርጉት፤ ወፍራም ኬብል ስለሆነ በጠባብ ማዕዘን አይታጠፍም። ምድር ቤት አካባቢ የኔትወርኩ መሣሪያ የሚቀመጥባት፣ አየር የሚገባባት ትንሽ ክፍል ተዉ፤ ጄኔሬተርም ይድረሳት። አለዚያ መብራት በሄደ ቁጥር የሕንፃው ኔትወርክም አብሮ ይሄዳል።

ሊፍቱን አትርሱ። የብረት ሳጥን ነው፤ በሩ ሲዘጋ ስልክ ይሞታል። ሰው ሊፍት ውስጥ ቢቆለፍበት በምን ይደውላል? ሊፍቱ የሚወርድበት ጉድጓድ ውስጥ አንቴና እንዲገባ ከአሁኑ ቦታ ያዙ። ደግሞም በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም አዲስ አበባ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ተከራያችሁ የሚይዘው ሲም የአንድ ኦፕሬተር ብቻ አይደለም። ሁለቱም በአንድ አንቴናና በአንድ ኬብል እንዲሠሩ ተደርጎ ይነደፍ።

ጥያቄ፦ ቢሮዬ ውስጥ ልክ ከራሴ በላይ ኮርኒስ ላይ አንቴና ሊተክሉ ነው። አይጎዳኝም?

የኮርኒስ አንቴና የሚለቀው ኃይል ትንሽ ነው፤ ከእርስዎም ይርቃል። ጆሮዎ ላይ የሚለጠፈው ስልኩ ነው። ስልክ ሲግናል ሲያጣ ኃይሉን ጨምሮ እየጮኸ ታወሩን ይጣራል፤ የሚለቀው ኃይል በ4ጂ እስከ 200 ሚሊዋት፣ በድሮው 2ጂ እስከ 2 ዋት ይደርሳል። አንቴናው ሲቀርበው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ከተተከለ በኋላ የስልክዎን ባትሪ ይመልከቱ፤ ቻርጁ ቶሎ አያልቅም።